ታይኒ ኮር፦ «ሴቭ ያደረግኩት ጠፋ» እና ሌሎች ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ዊንዶውስ የከበዳቸውን የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አሮጌ ማሽኖች ወደ ታይኒ ኮር ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ ማሽኑን የሚያስነሳ በጣም ትንሽ ሲስተም) እየቀየርኩ ስሰጥ ቆይቻለሁ። የሚደወልልኝ በአብዛኛው ስለ አንድ ብልሽት ነው። እሱን በሰፊው እሄድበታለሁ፤ ሌላው እግረ መንገዱን ነው። ገመዱን፣ ራሙንና ባዮሱን አይታችሁ እንደመጣችሁ እቆጥራለሁ። ትዕዛዞቹን በእኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን፣ በትንንሹ ፊደል ነው።

ምልክት፦ ይነሳል፣ ግን ዴስክቶፑ ባዶ ነው፤ የተጫኑት ፕሮግራሞች የሉም

ከፍላሽ በሚነሳ ማሽን ላይ ከሆነ ፍላሹ ዘግይቶ ነው የታየው። ሲስተሙ ኤክስቴንሽኖቹን (የጨመራችኋቸውን ፕሮግራሞች) ፈልጎ ሲያጣ አይጠብቅም፣ ያለ እነሱ ይነሳል። በማስነሻው መስመር ላይ «ዌይትዩኤስቢ»፣ የእኩል ምልክት፣ 5 ብላችሁ ጨምሩ፤ አምስት ሰከንድ ይጠብቃል። አልበቃ ካለ 10 አድርጉት። አሁንም እምቢ ካለ ፍላሹን ጠርጥሩ። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ፍላሽ ውስጡ ሲታይ 8 የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሲሞላ የቀደመውን ያበላሻል። ለመነሻ የሚሆን ፍላሽ ላይ ብር አትቆጥቡ።

ምልክት፦ አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታያል

ሲስተሙ የግዕዝ ፎንት ይዞ አይመጣም። አቢሲኒካን የመሰለ ፎንት በቤት ማውጫው (የተጠቃሚው ፋይሎች የሚቀመጡበት) ውስጥ «ዶት ፎንትስ» የሚል ማውጫ ከፍታችሁ አስቀምጡ። የመስኮቱ ርዕስ ላይ ሳጥኑ ቢቀር ተዉት፣ ጽሑፉን አይነካም።

ምልክት፦ ዋይፋይ የለም

ትንሹን ዕትም ነው የጫናችሁት። የገመድ አልባው ድጋፍ ያለው ኮርፕላስ በሚባለው ትልቁ ዕትም ላይ ነው።

ምልክት፦ ትናንት የተጻፈው፣ ሴቭ የተደረገው ፋይል ዛሬ የለም

ዋናው ይሄ ነው። አንዲት የኮፒ ቤት ባለቤት ደውለው «አንተ ልጅ፣ ይሄን ዕቃ ጸበል ልውሰደው እንዴ? የዋለበትን ማታ አያስታውስም» ብለውኛል። አንድ መምህር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጭ ብሎ የፈተና ጥያቄ ሲያስተይብ ይውላል፣ መብራት ይሄዳል፣ ሲመለስ ፈተናው የለም። ጸሐፊዋ በየገጹ ሴቭ አድርጌያለሁ ብላ ማለች። እውነቷን ነው። ሴቭ አድርጋለች፤ የተቀመጠው ግን ራም ላይ ነው፣ ራም ደግሞ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል።

ምክንያት፦ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሲስተሙ የቆመበት ሐሳብ ነው። ታይኒ ኮርን የጀመረው ሮበርት ሺንግልዴከር ቀድሞ ዳም ስሞል ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ትንሽ ሲስተም ዋና አልሚ ነበር፤ የዚህኛው የመጀመሪያ ዕትሞች የወጡት በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። መነሻው አጭር ነው፦ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት)፣ ቢዚቦክስ (የመሠረታዊ ትዕዛዞች ጥቅል) እና ትንሽ ዴስክቶፕ፣ ሁሉም ተደምሮ 20 ሜጋባይት ገደማ። ዝቅተኛው የራም ፍላጎቱ 46 ሜጋባይት ነው። የቀረውን ራስህ ምረጥና ጨምር ይላል። ሲነሳ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይዘረጋል፤ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ነው። ተማሪ የነካካው ቅንብር፣ ሲስተሙ ውስጥ የተሰረዘ ፋይል፣ ሁሉም ዳግም ሲነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ የምወደው ለዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ አስቀምጥ ያላላችሁትን አለማስቀመጡ ነው።

የሚያስቀምጠው «ማይዳታ» በሚባል አንድ የታመቀ ፋይል ውስጥ ነው። ምን እንደሚገባበት የሚወስነው «ኦፕት» ማውጫ ውስጥ ያለው የፋይልቱል ዝርዝር ነው፤ የቤት ማውጫው ከመጀመሪያውም እዚያ አለበት። በራሱ የሚጻፈው ግን በሥርዓቱ ሲዘጋ ብቻ ነው፣ ያውም መዝጊያው መስኮት ላይ «ባክአፕ» ከተመረጠ። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ነን፣ ባክአፕ፣ ሴፍ። ሰው ማታ ቸኩሎ «ነን»ን ይነካል፤ ቶሎ ስለሚዘጋለት። ቁልፉን በጣት ተጭኖ ይዞ የሚያጠፋም አለ። ለእሱ ምን ይባላል።

አሁን ክፋቱን ስሙ። ይሄን የተረዳ ባለሙያ «ሁልጊዜ ባክአፕ ምረጡ» ብሎ ይሄዳል፣ ችግሩም ይብሳል። ማይዳታ ስልቻ ነው፤ ያገኙትን ሁሉ ይጠቀጥቁበታል። አንድ ቤት የሰርግ ቪዲዮ ሳይቀር ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠው አገኘሁ። ባክአፑ በተሠራ ቁጥር ፋይሉ ከሥሩ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ስለዚህ መዝጋቱ ረዘመ። ባለቤቱ ቀርቷል ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ግማሽ ላይ የተቆረጠ ማይዳታ ደግሞ የድሮውን ሥራ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ጠዋት የቀረላቸው የቪዲዮው እኩሌታ ነበር።

መፍትሄ፦ ሰነድ ከስልቻው ይውጣ። ሃርድ ዲስኩ ላይ በኢኤክስቲ4 (በሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ) የተዘጋጀ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ያዙ። የዊንዶውሶቹ ፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አይሆንም፣ የፋይል ፈቃዶቹን አይዝም፤ ይሄን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፣ ደጋግመውም ፋት ያደርጉታል። ከዚያ ማሽኑን በሚያስነሳው «ኤክስትሊኑክስ» ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «አፔንድ» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ «ሆም»፣ የእኩል ምልክት፣ የፓርቲሽኑን ስም ጻፉ፤ የቤት ማውጫው ከራም ወደዚያ ይዛወራል። ፍላሽ ተሰክቶ ሲነሳ ስሙ ኤስዲኤ የነበረው ዲስክ ኤስዲቢ ሊሆን ስለሚችል በዩዩአይዲው (በማይለወጠው መለያው) መጻፉ ይሻላል። ነባሩን ፋይል አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። የቤት ማውጫው ከፋይልቱል ዝርዝር መውጣቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ ያው ዕቃ ሁለት ቦታ ይቀመጣል።

ሙከራው ቀላል ነው፦ አንድ ፋይል ሴቭ አድርጉ፣ «ነን» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ፋይሉ ካለ ጨርሳችኋል። ከሌለ አፔንዱ ላይ የፊደል ስህተት አለ፤ ብዙ ጊዜ በእኩል ምልክቱ ዙሪያ የገባ ክፍት ቦታ ነው።

ሃርድ ዲስክ ለሌለው ማሽን «ሴፍ»ን አስለምዱ። አዲሱን ከመጻፉ በፊት የቀድሞውን «ማይዳታቢኬ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ስሙን ወደ ማይዳታ ቀይራችሁ የትናንቱን ትመልሳላችሁ። የብሮውዘር ካሽና ቪዲዮ የኤክስፋይልቱል ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፣ ባክአፕ ይዘላቸዋል። ቀን ላይም ሻይ ሲወጡ ተርሚናል ከፍተው «ፋይልቱል ዶት ኤስኤች»፣ ክፍት ቦታ፣ «ሰረዝ ቢ» ይበሉ፤ ማሽኑ ሳይዘጋ ባክአፕ ይሠራል።

ከራም የጠፋን ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም የለም፤ አለኝ የሚላችሁን ብር አትስጡት። የተቆረጠ ማይዳታ ግን አይጣልም፣ ሌላ ማሽን ላይ ሲፈታ እስከተቆረጠበት ድረስ ያለው ብዙ ጊዜ ይወጣል። በላዩ ሌላ ባክአፕ አትጻፉበት።

ዩፒኤስ ገዝተናል የሚሉም አሉ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ መብራት አሳምሮ የሚያበራ ሳጥን ነው፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሳትሞክሩ አትግዙ።

«ለምን እንደ ሌላው ሊኑክስ ዲስኩ ላይ በትነን አንጭነውም?» የሚሉኝ ቴክኒሻኖች አሉ። አልሚዎቹ ራሳቸው አይመክሩትም፤ እንደዚያ ከፈለጋችሁ ዴቢያን ጫኑ።

የቀሩት፦

የቀየራችሁት የይለፍ ቃል ሲነሳ ከጠፋ፣ «ኢቲሲ» ውስጥ ያሉት «ፓስወርድ» እና «ሻዶ» ፋይሎች የፋይልቱል ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ጨምሯቸው። የመጀመሪያው ስሙ ሲጻፍ «ፓስውድ» ነው፣ መሐሉ ላይ ፊደል ይጎድላል።

ብሮውዘሩ በራሱ እየተዘጋ ከሆነ ራሙ ሞልቷል፤ ቤት ማውጫው ራም ላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አራግፉ።

ድረ ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ካለ ቀኑን እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ሲአር2032 ቀይሩ።