በስልክ መልእክት ቃል ስናሳጥር፦ የሚያስኬደውና የሚያሳስተው

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐዋሳ ሳይታሰብ መጥቶ ከቤታችን ደጃፍ ሲደርስ፣ የበሩ ደወል ተበላሽቶ ስለ ነበር ለእናቴ «ከበር ላይ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ላከላት። የጻፈው በላቲን ፊደል ነበር፤ አጻጻፉ «ቀ»ንና «ከ»ን፣ «በ»ንና «ብ»ን የማይለይ ስለሆነ እናቴ «ቀብር ላይ ነኝ» ብላ አነበበችው። የማን ቀብር እንደሆነ ለመጠየቅ ደጋግማ ደወለች፤ መስመሩ እንቢ አለ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች ልትወጣ በሩን ስትከፍት ልጁን ሻንጣውን ይዞ ቆሞ አገኘችው። ልቧ እስኪመለስ ድረስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ውኃ ጠጣች። እኔም በመልእክት ውስጥ የቱን ማሳጠር እንደሚቻልና የቱን እንደማይቻል በጥንቃቄ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

በጽሑፍ መልእክት ቃልን ማሳጠር የተፈቀደ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ «አዎን» ነው፤ መመዘኛው ግን አንድ ነው። ያሳጠራችሁትን ቃል ተቀባዩ ድምፁን አሰምቶ ቢያነበው፣ ሳያመነታ እናንተ ያሰባችሁትን ቃል ብቻ ይላል ወይ? ካለ ማሳጠሩ ያስኬዳል፤ ሁለት ቃል የሚመጣበት ከሆነ ወይም ቆም ብሎ የሚያስብ ከሆነ ግን ሙሉውን ጻፉለት። ማሳጠር በራሱ የዘመናችን ስንፍና አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ዜማ መጻሕፍት ላይ ከቃላቱ በላይ የሚታዩት ምልክቶች፣ በትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር የሚያያዙት፣ ብዙዎቹ ከታወቀ የዜማ ቃል ላይ የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ናቸው። ደብተራው ፊደሏን ሲያይ ዜማው ሁሉ ትዝ ይለዋል፤ ዜማውን ላልተማረ ሰው ግን ያችው ፊደል ምንም አትነግረውም። የስልክ መልእክትም እንዲሁ ነው፤ አጭሩ ቃል የሚሠራው ጸሐፊውና አንባቢው ሁለቱም ሙሉውን በሚያውቁት ልክ ነው።

ሁሉም የሚያውቃቸው አሉ፤ እነርሱን ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ.፣ ኪ.ሜ. የመሳሰሉት ከየቃሉ የመጀመሪያውን ፊደል ወስደው በነጥብ ይለያያሉ፤ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ የመሳሰሉት ደግሞ በእዝባር ይጻፋሉ፤ ከእዝባሩ በፊትም በኋላም ባዶ ቦታ አይተውም። ከፊት የሚመጣ ቅጥያ ችግር አይፈጥርም፤ «የት/ቤቱ ዳይሬክተር» ወይም «በፍ/ቤት» ያለ አንዳች እንቅፋት ይነበባል። ቅጥያው ከኋላ መጥቶ የተቆረጠው ቃል ላይ ሲያርፍ ግን ዓይን ይሰናከላል፤ ስለዚህ «ለዶ/ሩ ንገሪው» ከማለት «ለዶክተሩ ንገሪው»፣ «ወ/ሮዋ» ከማለት «ወይዘሮዋ» ማለት ይሻላል። የራሳችሁን አዲስ ምኅጻረ ቃል መፍጠር የምትችሉት ሙሉውን አንድ ጊዜ ከጻፋችሁ በኋላ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልጨምር። አማርኛ በባሕርዩ አጭር ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚመጣ፣ ፊደል በመቁረጥ የምናተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። «ወይዘሮ» አራት ፊደል ነው፤ «ወ/ሮ» ከነእዝባሩ ሦስት ነው። «ዶክተር»ም እንዲሁ ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል። ለዚያች ለአንዲት ፊደል ሲባል በብዙ የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ወደ ምልክቶች ገጽ ተሻግሮ እዝባሩን ፈልጎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሙሉውን መጻፍ ይቀል ነበር። ትርፍ ያላቸው እንደ «ትምህርት ቤት» ያሉት ናቸው፤ ከነባዶ ቦታው ስምንቱ ወደ አራት ይወርዳሉና።

የሂሳቡ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። በተለመደው የስልክ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ብቻ ከተጻፈ 160 ፊደላት ይያዛሉ፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል እንኳ ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እያንዳንዳቸው 67 ፊደል ወደሚይዙ ክፍሎች ይቆራረጥና እያንዳንዱ ክፍል እንደ አንድ መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ መቁረጥ ያለበት ዓረፍተ ነገሩ ነው። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ እንዴት ሰነበትክ እኔ በጣም ደህና ነኝ ነገ ግን በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ስላለብኝ ወደ አንተ ዘንድ ለመምጣት የምችል አይመስለኝም» የሚለው ከነባዶ ቦታው 95 ነው፤ «መሥሪያ ቤታችን»ን «መ/ቤታችን» ብታደርጉት ወደ 92 ብቻ ይወርዳል፣ ያው ሁለት መልእክት ነው። «ጤና ይስጥልኝ። ነገ የቢሮ ስብሰባ ስላለብኝ መምጣት አልችልም።» ብትሉ ግን 39 ይሆናል፤ ሰላምታው አልቀረም፣ አንድም ቃል አልተቆረጠም። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በፊደል ብዛት ስለማይከፍል ለማሳጠር የሚገፋፋው ከልማድ በቀር ሌላ ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው የሰው ስም ማሳጠርን ነው። «ወ/ገብርኤል» ወልደ ገብርኤል ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ገብርኤልም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ናት። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? «ሀ/ማርያም» ብሎ የጻፈ ሰው ሀብተ ማርያምን ይሁን ኃይለ ማርያምን ያሰበው እርሱ ብቻ ያውቃል። በሰፈር ወሬ ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሁሉም ሰውዬውን ያውቀዋልና። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ የተቀባዩን ስም ላኩልኝ ሲላችሁ ግን ስሙን በመታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ከነአባትና ከነአያት፣ አንዲት ፊደል ሳታጎድሉ ጻፉለት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በ«ገ/» ምክንያት ስሙ አይመሳሰልም ተብዬ ከመስኮት ተመልሻለሁ፤ በዚያ ቀን የመድኃኒት ገንዘብ ሳይወሰድ አደረ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ሳይቆረጥ የሚፈጠር ችግር ነው። ሰው ሲቸኩል ፊደል ብቻ አይደለም የሚያስቀረው፤ ባለቤቱን፣ መስተዋድዱንና ሥርዓተ ነጥቡንም ያስቀራል። «አልመጣም» የሚለውን ተመልከቱ፤ «እኔ አልመጣም» ማለት ነው፣ «እሱ አልመጣም» ማለትም ነው። በንግግር ጊዜ «ጣ»ን በማጥበቅና በማላላት እንለያቸዋለን፤ ፊደላችን ግን ጥብቀትን አያሳይም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ «እኔ» ወይም «እሱ» የምትለዋን ቃል መቆጠብ አይገባም። «ጋ» እና «ጋር»ም አንድ አይደሉም፤ «አባቴ ጋ ነኝ» ሲባል እርሱ ያለበት ቦታ ወይም ቤቱ ነው፣ «ከአባቴ ጋር ነኝ» ሲባል ግን አብረን ነን ማለት ነው። የጥያቄ ምልክቷንም እባካችሁ አትተዉ። አማርኛ መጠየቂያ ቃል ሳያስገባ መጠየቅ ስለሚችል «ገንዘቡ ደረሰ?» እና «ገንዘቡ ደረሰ» በዚያች ምልክት ብቻ ይለያያሉ፤ ምልክቷ ስትቀር ጠያቂው መልስ ሲጠብቅ፣ መልእክቱ የደረሰው ሰው ደግሞ ገንዘቡ ደርሷል ብሎ አርፎ ይተኛል።

ቀንና ሰዓትም በዚሁ ይታያሉ። «5/1» አዲስ አበባ ላለ ሰው መስከረም 5 ነው፤ ለንደን ላለው ጃንዋሪ 5፣ አሜሪካ ላለው ደግሞ ሜይ 1 ነው። ወሩን በስሙ ጻፉት። «በ3 ሰዓት ደውልልኝ» የሚለውም በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ከጧቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ በፈረንጅ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ከጧቱ 9 ሰዓት መሆኑን ሊዘነጋ ይችላል።

በንግግር የምናሳጥራቸውን እንደ ድምፃቸው መጻፍ፣ «ምን እያረክ ነው» ወይም «ደና ነህ» ማለት፣ ከእኩያ ጋር ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም የሰውየው ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ አለ። «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን ማቀላቀሉም በዕለት ተዕለት መልእክት የሚያስወቅስ አይመስለኝም፤ «ድኅነት» መዳንን፣ «ድህነት» ማጣትን እንደሚናገሩ ማወቅ ግን መልካም ነው፣ በተለይ ለጉባኤ ጥሪ የሚጽፍ ሰው ይህን መሳት የለበትም። ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለጋሼና ለእትዬ ስንጽፍ ነገሩ ይለወጣል። «እንዴት ኖት» ከማለት «እንዴት ነዎት» ማለት፣ «እርሶ» ከማለት «እርስዎ» ማለት የአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ነው፤ ታላላቆቻችን ግን በዚያች ፊደል ውስጥ ጊዜ እንደሰጠናቸው ያያሉ።

የእግዚአብሔርን ስም «እግ/ር» ብሎ መጻፍ በጣም ተለምዷል፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም በነቢዩ ስም ላይ የሚጨመረውን ሰላምታ «ሰ.ዐ.ወ» ብለው ያሳጥሩታል። በምስጋና መሐል ለሚያልፍ አነጋገር ይህን አልነቅፍም፤ የማጽናኛ ቃል ውስጥ ግን ማሳጠር አይገባም ባይ ነኝ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ በሙሉ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ እያንዳንዷን ፊደል ደጋግሞ ያያል። መርዶ ራሱ በመልእክት አይነገርም፤ ባሕር ማዶ ላለ ሰው እንኳ በአቅራቢያው ያሉ ወዳጆች ተሰብስበው በማለዳ ቤቱ ሄደው ይነግሩታል።

ሥራችሁ ሆኖ በላቲን ፊደል መጻፍ የግድ ከሆነባችሁ፣ ቢያንስ «ቀ»ን ከ«ከ» የተለየ ፊደል ስጡት፤ «ጠ»ንና «ተ»ንም ለዩአቸው፤ አለዚያ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ፣ «ወንድምህ መጣ» ተብሎ የተላከው ምሥራች «ወንድምህ መታ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የተሻለው መንገድ ግን የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ መጫን ነው። እንደ ጂቦርድ (የጉግል ቁልፍ ሰሌዳ) ባሉት ላይ «የግል መዝገበ ቃላት» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ገብታችሁ ሙሉውን ሐረግ፣ ለምሳሌ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን ትጽፉና ከሥሩ «እይ» የሚል አቋራጭ ትሰጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ «እይ» ስትጽፉ ስልኩ ሙሉውን ሐረግ ያቀርብላችኋል፣ ትነኩታላችሁ፣ ይገባል። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም፣ ሙሉ ስማችሁን ከነአያት፣ የቤታችሁንም አድራሻ እንዲሁ አስገቡ፤ እናንተ ሁለት ፊደል ትጽፋላችሁ፣ ተቀባዩ ሙሉውን ያነባል። የአክስቴ ልጅ ዛሬ «በላ» ብሎ ሲጽፍ ለእናቴ የሚደርሳት በግዕዝ ፊደል «በር ላይ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» የሚለው ነው።