የተላከልዎ ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ ካልገባ ባንኩን እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ ሽንኩርት የሚጭን ነጋዴ፣ ገዢው በቴሌግራም የላከለትን የደረሰኝ ፎቶ ብቻ አይቶ መኪናውን መልቀቅ የለበትም። ፎቶው ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ላኪው ለባንኩ ትእዛዝ መስጠቱን እንጂ ገንዘቡ የተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ በሞባይል ባንኪንግ ወይም በቅርንጫፉ ቀርቦ የሒሳቡን እንቅስቃሴ ማየት ነው።

ገንዘቡ ካልገባ ከላኪው የዝውውሩን ማጣቀሻ ቁጥር፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክ፣ የጻፈውን የሒሳብ ቁጥርና ስም ይቀበሉ። ከእነዚህ ሁሉ የማጣቀሻ ቁጥሩ ይበልጣል፤ ያለ እርሱ ሠራተኛው ከብዙ ዝውውሮች መካከል የእርስዎን ለይቶ ለማግኘት ይቸገራል። የሒሳብ ቁጥሩ ላይ አንዲት አኃዝ ተሳስታ ከሆነ መጀመሪያ ማመልከት ያለበት ትእዛዙን የሰጠው ላኪው ነው፤ እርሱም ወደ ራሱ ባንክ ይሄዳል።

የእርስዎን ባንክ በኃላፊነት መጠየቅ የሚቻለው ዝውውሩ እርሱ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን በትእዛዙ ለተጠቀሰው ሒሳብ ማስገባት፣ የተቆረጠ ክፍያ ካለ ምንነቱን ማስረዳት፣ ስሙና ቁጥሩ ካልተጣጣሙም ማጣራት ይጠበቅበታል። የማጣራቱ ሥራ የባንኩ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ወንጀልን በመፈጸም የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው ሕግ ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁና አጠራጣሪ ግብይትን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ሪፖርት መደረጉን ለደንበኛው መንገርንም ይከለክላል። በመስኮቱ በኩል ያለው ሠራተኛ አንዳንድ ጥያቄዎችን ሳይመልስ ቢቀር ሁልጊዜ ከንቀት ላይመጣ ይችላል፤ መታወቂያዎንና የሽያጭ ሰነድዎን ይዘው መቅረብዎ ግን ነገሩን ያቀልለታል።

በቃል የተነገረ ቅሬታ በማግስቱ ማን እንደሰማው አይታወቅም። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በሁለት ቅጂ ማመልከቻ ይጻፉ፤ ማጣቀሻ ቁጥሩን፣ ገንዘቡን፣ የጠየቁትን ነገር በግልጽ ያስቀምጡ፤ ከዚያም በራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን እንዲመታልዎ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ይህች ማኅተም በኋላ ባንኩ መቼ እንዳወቀ የምታሳይ ማስረጃ ስለሆነች፣ ከማንኛውም ጭቅጭቅ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ምላሹንም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቅርንጫፉ ካልፈታው ጉዳዩን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ያቅርቡ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ለመጠበቅ ያወጣው መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 (ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። በዚያም መፍትሔ ካልተገኘ ወደ ብሔራዊ ባንክ፣ የገንዘብ ጉዳት ደርሶ ከሆነም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ያልጠበቁት ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ ከገባስ? አይንኩት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ንብረት የበለጸገ ሰው እንዲክስ፣ በቁጥር 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንዲችል ይደነግጋል። በዚያው ቀን ለባንክዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ላኪ ነኝ ብሎ በስልክ ለሚደውል ሰው በቀጥታ አይመልሱ፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በመጣበት መንገድ፣ በባንኩ በኩል ይሁን።