በረዶ ያላየ የድሬ ልጅ ጥድ ላይ በረዶ ሲያነጥፍ

በረዶ አይቼ አላውቅም። ማለቴ፣ ሐረር ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ሳይሆን ዛፍ ላይ የሚተኛውን። ብሌንደር በሚባለው የ3D ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የመጀመሪያውን ጥድ ስሠራ ሁለመናውን ነጭ ቀባሁት። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መሰለ።

ያስተማረኝ የድሬው ከዚራ ሰፈር የኒም ዛፍ ነው። አቧራው ቅጠሉን የሚሸፍነው ከላይ ብቻ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ሥሩ አረንጓዴ ነው። በረዶም የሚወርደው ከላይ ነው አቦ!

ስለዚህ ሁለት ሼደር (የገጹን መልክ የሚወስን ቅንብር) አዘጋጁ፤ አንዱ የዛፉ፣ ሌላው የበረዶው። ጂኦሜትሪ ከሚባለው ኖድ (ከሌሎች ጋር በመስመር የሚያያዝ ሳጥን) ኖርማልን፣ ማለትም ገጹ የሚያይበትን አቅጣጫ፣ ውሰዱ፣ በሴፓሬት ኤክስ-ዋይ-ዜድ ዜዱን (የላይና የታቹን) ብቻ ለዩ፣ ሽግግሩ ከየት እስከ የት እንደሚሆን በሚወስነው ከለር ራምፕ አሳልፋችሁ፣ ሁለቱን ሼደሮች በሚቀላቅለው ሚክስ ሼደር ፋክተር ላይ ሰኩት። ዜድ 1 ከሆነ ገጹ ወደ ሰማይ ያያል፣ 0 ከሆነ ወደ ጎን። እኔ ራምፑን ከ0.3 እስከ 0.6 አደርገዋለሁ። ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ እንዳይመስል ትንሽ ኖይዝ (የተዘበራረቀ ንድፍ) ቀላቅሉበት።

ከቴክስቸር ኮኦርዲኔት የሚወጣውን ኖርማል ግን አትንኩት። እሱ ከዕቃው ጋር አብሮ ይዞራል። አንድ ግንድ መሬት ላይ ሳጋድም በረዶው ጎኑ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ምክንያቱ እስኪገባኝ ሁለት ሌሊት ሄደ።

አሁን በረዶ ከአቧራ የሚለይበት ቦታ ደረስን፤ ክብደት አለው። ቅርንጫፉን ቀድማችሁ ወደ ታች አጉብጡት፣ ጫፉን የበለጠ። ይህን ከዘለላችሁ የሠራችሁት የከዚራን አቧራ ነው። ካሜራ አጠገብ ላሉት ሁለት ሦስት ዛፎች ሪል ስኖው የሚባለው ነፃ አድኦን (ብሌንደር ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ውፍረት ይሰጣል። ለሩቆቹ ቀለሙ ይበቃል፤ በዚህ ሙቀት ላፕቶፑ ላይ አትጨክኑ። የኔ ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ማውጣቱ) የሚሠራው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም መብራት ካለ።

የበረዶውን ነጭ ቀለም 1 (ሙሉ ነጭ) አታድርጉት፤ 0.85 አካባቢ ጥሩ ነው። ብርሃን ትንሽ ሰርጎ እንዲወጣ ሰብሰርፌስ ጨምሩ።

የመጨረሻው ፀሐይ ነው። እኔ እንደለመድኩት አናት ላይ ሰቀልኳት። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ድሬ ላይ እኩለ ቀን የፀሐይ ከፍታ 57 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ግን 7 እንኳ አይሞላም። ሰማዩን በሚሠራው ስካይ ቴክስቸር ላይ ሰን ኤሌቬሽኑን (የፀሐይ ከፍታውን) 7 አድርጉት። ጥላው ይረዝማል፣ ከሰማዩ በሚመጣው ብርሃንም ሰማያዊ ይሆናል። ያኔ ሬንደሩን ተጫኑና ተኙ።