ልጁ ለየትኛው አገር ይሰለፍ? ወላጆችና ደጋፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባሉ ዲኤስቲቪ ቤቶች ስዊድን ስትጫወት የማይቀር ክርክር አለ። አሌክሳንደር ኢሳክ ኳስ ሲይዝ አንዱ «ይሄ ልጅ ለኤርትራ ነበር መጫወት ያለበት» ይላል፤ ሌላው «አብሽር፣ ገና ይቀይራል» ብሎ ያጽናናዋል። ኢሳክ ስዊድን ሶልና ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወለደ። ለስዊድን ዋና ቡድን መሰለፍ የጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫም ተጫውቷል። አይቀይርም፤ ደንቡ አይፈቅድለትም።

ክርክሩ ለቡና ማጣጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ይባል ነበር። ግን ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ስዊድን፣ ጀርመን፣ አሜሪካ ወይም ሳውዲ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ክረምት ላይ ከነልጆቻቸው የሚመጡ ወላጆች ሆጤ ሜዳ ዳር ቆመው የሚጠይቁት ጥያቄም አንድ ነው፦ «ልጄ እዚያ ክለብ ይዟል፤ ለዋሊያዎቹ መጫወት ይችላል ወይ?» መልሱ ያለው ከልቡ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ነው፤ በተለይም ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቀን።

ቢጫ ካርድን ዜግነት አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራል። ግን አዋጁ ራሱ የሚናገረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ የውጭ ዜጎች ነው፤ ካርዱን የያዘ ሰው በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። መምረጥና መመረጥ አይችልም፣ መከላከያ ወይም ውጭ ጉዳይ ተቀጥሮ አይሠራም። ፊፋ ደግሞ የሚጠይቀው በመኖሪያ ላይ ያልተመሠረተ ቋሚ ዜግነትን ነው፤ ማስረጃው ፓስፖርት ነው። አንድ ልጅ ቢጫ ካርድ ይዞ አዲስ አበባ ስታዲየም ቢመጣ እንግዳ ነው፣ የተወደደ እንግዳ።

የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ነው። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። የማይነበበው አንቀጽ 20 ነው። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደተወ ይቆጠራል። አባት ስቶክሆልም ሄዶ የስዊድን ፓስፖርት ሲያወጣ «የኛውም አለኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው አሮጌ ፓስፖርት ምንም አያድነውም።

«ገና ልጅ ነው» እያሉ 19 ዓመት ማስሞላት

በዚሁ አንቀጽ ለልጆች የተተወ ጠባብ በር አለ። ውጭ አገር በመወለዱ ወይም የውጭ ዜጋ ወላጅ ስላለው ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ማጽናት እንደሚፈልግ ካላሳወቀ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። አካለ መጠን 18 ዓመት ነው። ከ18 እስከ 19 ያለው ዓመት ደግሞ ለኳስ ተጫዋች የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ኮንትራት የሚፈረምበት፣ ቤተሰብ ስለ ወረቀት ማሰብ የማይፈልግበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ለወላጆች በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚድበሰበሰውም እሱ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላውን ዜግነት መተውን ነው። ስፔንና ጣሊያንን የመሰሉ ሊጎች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆኑ ተጫዋቾችን ቁጥር ይገድባሉ። የጀርመን ወይም የስዊድን ፓስፖርቱን የተወ የ19 ዓመት ልጅ ለክለቡ የኮታ ቦታ የሚይዝ ተጫዋች ይሆናል። አጎት ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ «አገርህን አስቀድም» ማለቱ ቀላል ነው፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ግን ልጁ ነው።

«ታዲያ ሞሮኮ እንዴት ቻለች?» ይባላል። በ2022 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው ቡድን ከ26ቱ ተጫዋቾች 14ቱ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ፤ አሽራፍ ሃኪሚ የማድሪድ ልጅ ነው። ልዩነቱ የፌዴሬሽን ትጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሞሮኮ ወላጅ የተወለደ ልጅ ሁለቱንም ዜግነት ይዞ መኖር ይችላል፤ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ የሚያጣው ፓስፖርት የለም። የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችንን መውቀስ የለመድን ሰዎች ከጥፋቱ ቢያንስ ይቺን ብንቀንስለት ፍትሕ ነው።

በሩ ጨርሶ ተከርችሟል ማለት ግን አይደለም። ፉአድ ኢብራሂም ለአሜሪካ ወጣት ቡድኖች ከተጫወተ በኋላ በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ የዋሊያዎቹን ማልያ ለብሷል፤ ለስዊድን ከ21 ዓመት በታች ቡድን የተጫወተው ዋሊድ አታም እንዲሁ ለኢትዮጵያ ተሰልፏል። ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ የተሰለፈው ግን ለተወለደባት ለቼክ ነው፤ ጌዲዮን ዘላለምም በርሊን ተወልዶ፣ በጀርመን ታዳጊ ቡድኖች አልፎ፣ መጨረሻ ላይ የአሜሪካን ወጣት ቡድን መረጠ።

«የታዳጊ ጨዋታ አይቆጠርም» ማለት

ይቆጠራል። ከ17 ዓመት በታች የአውሮፓ ማጣሪያ ይፋዊ ውድድር ነው፤ እዚያ ለአንድ አገር የተሰለፈ ልጅ በኋላ ለሌላ አገር ለመጫወት የፊፋን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ይገኛል፣ ግን ሳይጠየቅ አይገኝም።

ካላመናችሁ ኤሚልዮ ንሱዌን ተመልከቱ። ስፔን ውስጥ ተወልዶ ለስፔን የዕድሜ ቡድኖች ተጫወተ፣ ከዚያ የኢኳቶሪያል ጊኒ አምበል ሆነ። በ2013 ኬፕ ቨርዴ ላይ ሦስት ጎል ያገባበት ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ተቀየረ። ትምህርት ይሆናል ሲባል በዓመታት ውስጥ ተረሳ፤ ሰውዬው መጫወቱን ቀጠለ፤ በ2024 መጀመሪያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በ5 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ወራት ሳይቆይ ፊፋ «መጀመሪያውኑ አልተፈቀደልህም» ብሎ ለ6 ወር አገደው፣ ቡድኑ ያሸነፋቸውን ሁለት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎችም ነጠቀ። የአንድ ማመልከቻ ጉድለት ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

የዋናውን ቡድን ጨዋታ በስሜት መቁጠር

አንዱ ወገን «አንዴ ከለበሰ አለቀ» ይላል፣ ሌላው «ሲያሰኘው ይቀይራል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የወዳጅነት ጨዋታ ብቻውን አያስርም። ዴክላን ራይስ ለአየርላንድ 3 የወዳጅነት ጨዋታ አድርጎ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ዊልፍሬድ ዛሃ ከእንግሊዝ ወደ ኮትዲቯር፣ ዲዬጎ ኮስታ ከብራዚል ወደ ስፔን፣ ኢኛኪ ዊልያምስ ከስፔን ወደ ጋና ያቀኑት በዚሁ መንገድ ነው። ማጣሪያ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ሙኒር ኤል ሃዳዲ በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. በ19 ዓመቱ መቄዶንያ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ለስፔን 13 ደቂቃ ያህል ተጫወተ። በዚያች ደቂቃ ምክንያት በ2018 ለሞሮኮ ልሰለፍ ሲል የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከለከለ።

ደንቡ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ሲላላ ነው ለሞሮኮ መጫወት የቻለው። አሁን ለዋናው ቡድን በይፋዊ ውድድር የተሰለፈ ሰው መቀየር የሚችለው፦ የተጫወተው 21 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ፣ የወዳጅነቱ ተቆጥሮ ከ3 ጨዋታ ካልበለጠ፣ ከመጨረሻው ጨዋታ 3 ዓመት ካለፈ፣ በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ዋንጫ ዋና ውድድር ካልተሰለፈ ነው። የማጣሪያ ጨዋታ እንደ ዋና ውድድር አይታይም።

የኛን ሰው የሚጥለው አምስተኛው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ያን የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታ ሲጫወት የሁለተኛውን አገር ዜግነት ይዞ መገኘት አለበት። ስዊድን የተወለደ፣ በ19 ዓመቱ ምንም ያላሳወቀ ልጅ በ20 ዓመቱ ለስዊድን ዋና ቡድን አንድ ማጣሪያ ቢጫወት፣ በኛ አዋጅ ያን ዕለት ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በኋላ ቢመለስና ዜግነቱን ቢያገኝ እንኳ ቀኑ አይመለስም። ጨዋታው የታዳጊ ብቻ ከሆነ ግን፣ ዜግነቱን በኋላ ቢያገኝም፣ ወላጁ ወይም አያቱ እዚህ የተወለዱ ከሆኑና የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገው 21 ሳይሞላው ከሆነ መንገድ አለ።

«አያቱ የቦረና ሰው ናቸው» ብሎ መጨረስ

ፊፋ አዲስ ዜግነት ያገኘን ተጫዋች የሚጠይቀው ትስስር አለ፦ እሱ ራሱ፣ ወላጁ ወይም አያቱ በአገሩ መሬት መወለዳቸውን፣ ወይም እዚያ ለዓመታት መኖሩን። አያት ወሎ ቦረና መወለዳቸውን አገር ሁሉ ያውቃል። ወረቀት የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ቤት የተወለደ ሰው የልደት ሰርተፊኬት ቢያወጣ ያወጣው ካደገ በኋላ ነው።

ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። የአያት ስም ይማም ነው እንበል። የቀበሌው ወረቀት ሲተረጎም በ«ዋይ» ይጀምራል፣ የልጅየው የስዊድን ፓስፖርት ላይ ደግሞ በ«አይ»። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ውጭ አገር ግን አያት የቤተሰብ ስም ሆነው ተመዝግበዋል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ አባት። ወንድማማች ሆነው ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም የያዙ ልጆች አሉ። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ አባት በ1964 ዓ.ም. ተወልደው እዚያ «1964» ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጻፍ በአንድ ብዕር 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃሉ፤ የልደት ቀናቸው የማይታወቅ ሁሉ መስከረም 1 የተወለዱ ይመስላሉ። ፋይሉን የሚያየው ሰው ወሎን አያውቅም፤ የሚያየው የማይገጥሙ ወረቀቶችን ነው። ይህን ማስተካከል ወራት ይወስዳል፣ ስለዚህ ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው ቢጀመር አይበዛም።

ከሁሉም በላይ «እናስገጥመዋለን» የሚል ሰው ቤት አታስገቡ። ማሌዥያ በ2025 ሰባት ውጭ አገር የተወለዱ ተጫዋቾችን አሰለፈች፤ ፊፋ የአያቶቻቸውን የልደት መዝገብ ከየአገሩ ሲያስመጣ የቀረበው ሰነድ የተቀየረ ሆኖ አገኘው። ተጫዋቾቹን ለ12 ወር አገዳቸው፣ ፌዴሬሽኑን 350,000 የስዊዝ ፍራንክ ቀጣ።

ጅዳ መወለድን እንደ ሁለተኛ ዜግነት ማየት

ይሄ አጭር ነው። ሳውዲ በመወለድ ብቻ ዜግነት አትሰጥም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ጅዳ ወይም ሪያድ የተወለደ ልጅ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ኢትዮጵያዊ ነው። ምርጫ የለበትም፣ የሚተወውም ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው የታደሰ ፓስፖርትና ጥሩ አሰልጣኝ ነው።

ልጁን «ከሃዲ» ማለት፣ ጉዳዩንም ለደላላ መስጠት

ጀሮም ቦአቴንግ ለጀርመን፣ ወንድሙ ኬቪን ፕሪንስ ለጋና በ2010 የዓለም ዋንጫ ፊት ለፊት ተጫውተዋል። የዊልያምስ ወንድማማቾችም አንዱ ለጋና፣ አንዱ ለስፔን ነው። እናታቸው ለማን እንደሚያለቅሱ እሳቸው ይወቁ፤ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን የምንፈርድበት ጉዳይ አይደለም።

ደላላን በተመለከተ፣ የቅያሪ ጥያቄ ለፊፋ የሚቀርበው ልጁ ሊጫወትለት በፈለገው አገር ፌዴሬሽን በኩል ነው። «ፊፋ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ሁሉ ገንዘብ ፈላጊ ነው። ጥያቄው ከገባ በኋላ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ ልጁ ለሁለቱም አገር መሰለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ማመልከቻው የሚገባበት ወር ከማጣሪያው መርሐ ግብር ጋር ተያይቶ ይወሰን።