የግቢ ኩሬ ጠርዝ ላይ የሚታየውን ላስቲክ እንዴት መደበቅ ይቻላል?

ግቢው ውስጥ ኩሬ የሠራ ሰው ይህችን ጣጣ ያውቃታል። ቁፋሮው አልቆ፣ ላስቲኩ ተዘርግቶ፣ ውሃውም ዓሣውም ከገባ በኋላ በጋ ይመጣል። ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዙሪያውን ጥቁር ላስቲክ ብቅ ይላል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ዓሣውን ሳይሆን እሱን ነው።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ተራው ጥቁር ላስቲክ ፀሐይ በመታው ቁጥር ይደርቃል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ ፀሐዩ አይምርም። ጂኦሜምብሬን የሚባለው፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚሠራው ወፍራም ላስቲክ ፀሐዩን የተሻለ ይችላል፤ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ ለማጠፍ ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ጠርዙ ላይ ድንጋይ መደርደር ነው። ያ አይሠራም። በድንጋዩና በውሃው መካከል ያለው ጥቁር መስመር እንዳለ ይቀራል። ድንጋዩ ራሱ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህ ደግሞ እርከን ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ልኩን እዩ

ግንበኞች የሚጠቀሙበትን፣ ውሃ የተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያዙና የኩሬውን አፍ ዙሪያውን ለኩ። አንዱ ወገን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ እዚያ ጋ 5 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ሁልጊዜ ይታያል። ውሃ ለማንም ብሎ አያዘነብልም። ዝቅ ያለውን በአፈር አሳድጉና ጠቅጥቁ። መሬታችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ አፈሩን ብቻ አትመኑ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ያስተካከላችሁት ጠርዝም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጠርዙ ስር ገረጋንቲ አስገቡና በደንብ ጠቅጥቁት። ከአካባቢው መሬት ትንሽ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ የሐምሌ ጎርፍ ጭቃውን ይዞ ኩሬው ውስጥ ይገባል።

እርከኑን ቁረጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ውሃውን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንሱና የላስቲኩን ጠርዝ ወደ ውስጥ እጠፉት። ከዚያ ከኩሬው አፍ ወደ ውጭ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርከን ቁረጡ። ለዚህ ከጠርዙ ውጭ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ላስቲክ ያስፈልጋል። የእርከኑ ወለል በትንሹ ወደ ኋላ፣ ማለትም ከኩሬው ወደ ውጭ ያዘንብል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ድንጋዩ አንድ ቀን ተንሸራቶ መሃል ይገባል፤ ሲንሸራተትም ላስቲኩን ይዞ ነው።

ሥሩንና ስለታም ጠጠሩን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አውጡ። ላስቲኩን ስትመልሱ ኩርባው ላይ ብዙ ትንንሽ እጥፋት ከመሥራት አንድ ትልቅ እጥፋት ይሻላል፤ ትልቁን እጥፋት ድንጋይ ይደብቀዋል። ከላዩ ላይ የተረፈ ላስቲክ ወይም ሁለት ድርብ የፕላስቲክ ማዳበሪያ አንጥፉ። የቃጫ ጆንያ አይሆንም፤ በስብሶ ውሃውን ያገማዋል።

አሁን ትልቁ ቁም ነገር መጣ። ላስቲኩ በእርከኑ ወለል ላይ አልፎ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መቆም አለበት፤ ጫፉም ከውሃው ከፍታ በላይ ይሁን። ብዙ ሰው ጫፉን አስተኝቶ በአፈር ይሸፍነዋል። አፈሩ በአንድ በኩል ውሃውን፣ በሌላ በኩል ደረቁን መሬት ከነካ፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ውሃውን እየሳበ ያወጣዋል። ሰውየው ላስቲኩ ተቀደደ ብሎ ሲፈልግ ይውላል። ቀዳዳ ግን የለም፤ የሚጠጣው አፈሩ ነው።

ትርፍ ላስቲክ ከሌላችሁ እርከኑን ተዉት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠርዙ ላይ አስቀምጡና ወደ ውሃው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስወጡት፤ ጥላው ላስቲኩን ይሰውረዋል። ከድንጋዩ ስፋት ሲሶ በላይ እንዳይወጣ። ልጅ ይረግጠዋል።

ድንጋዩ

የወንዝ ድንጋይ ካገኛችሁ ግሩም ነው። ጥቁር ድንጋይም ጠርዙ ካልሳለ ይሆናል። በቢሾፍቱ በኩል የሚመጣው ቀዩ ሬድ አሽ ያምራል፣ ቀላልም ነው፤ ግን እንደ ምላጭ ስለታም ስለሆነ ላስቲክ እንዳይነካ። ሁሉንም እጠቡ።

ትልልቆቹን አስቀድሙ፣ የውሃው መስመር በወገባቸው እንዲያልፍ አድርጉ። መካከለኛውን በየመሃሉ፣ ጠጠሩን በቀዳዳው አስገቡ። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ድንጋይ አትደርድሩ፤ የመንገድ ጠርዝ ይመስላል።

ግንበኛ ካስጠራችሁ «በሲሚንቶ ልሰረው» ማለቱ አይቀርም። እምቢ በሉ። ላስቲክ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃው ይለቃል፣ ዓሣ ይጎዳል። በየቦታው የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ሳር ውሃው ላይ ማንጠልጠልም አልወድም። ለጥቂት ወራት ያምራል፤ ከዚያ ጭቃና አልጌ ተሸክሞ ከላስቲኩ የባሰ ያስጠላል።

ተክሉ

ድንጋይ የማይደርስበትን ተክል ይሸፍነዋል። ለእርከኑ ከቄጠማ የሚሻል አላውቅም። ጠጠሩ ውስጥ ተክሉት፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ይሁን፤ ለበዓልም ከገበያ ከመግዛት ያድናችኋል። ደንገል ትልቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ለትንሽ ኩሬ በማሰሮ ውስጥ አድርጉት። ሸምበቆና ቀርከሃ አጠገቡ አይድረሱ፤ የሥራቸው ጫፍ ላስቲክ ይበሳል። ሰርዶ ደግሞ ክረምቱን ተስቦ ላስቲኩን ተሻግሮ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እሱም እንደ አፈሩ ውሃውን መሳብ ይጀምራል። በየጊዜው እጨዱት።

አበባው ያምራል ብሎ እምቦጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ መልሱት። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣና ላይ ያደረገውን ያየ ሰው ግቢው አያስገባውም።

ላስቲኩን ለመቁረጥ አትቸኩሉ

ኩሬውን ሙሉና ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ። በውሃውና በድንጋዩ ክብደት መሬቱ ይረጋል፣ ላስቲኩም ይጎተታል። ከረጋ በኋላ ትርፉን ከውሃው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጫፉን ከጀርባ በአፈር፣ ከፊት በጠጠር ደግፉት። አፈሩ ጫፉን አልፎ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ።

ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። በበጋ በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢወርድ ትነት ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ መጀመሪያ ጠርዙን ዞራችሁ እዩ፤ ከውጭ በኩል ሳይዘንብ የረጠበ አፈር ካለ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው። አፈሩን ከላስቲኩ ጫፍ ላይ ጥረጉት። ምንም ካልተገኘ ውሃ መሙላቱን አቁሙና ይውረድ፤ ዓሣው እንዳይቸገር ግን ተከታተሉ። መውረዱ ቀጥ ያለበት ከፍታ ላይ ዙሪያውን ላስቲኩን በእጃችሁ ዳስሱ። ቀዳዳው ካለ እዚያ መስመር ላይ ነው።