«ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እና ሌሎች ላቦራቶሪ ውስጥ ስሰማቸው የሰለቹኝ ስህተቶች

መስኮቱ ጋ መጥቶ «ታይፎይዴ ተነስቶብኝ ነው፣ ቶሎ ሰርታችሁ ስጡኝ» የማይለኝ ሰው የለም። ታይፎይዴ ይላሉ፣ እንደ መታወቂያ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት የሚዞሩ ይመስል። ደም ይወሰዳል፣ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ይሰራል፣ ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰውዬ ያው መስኮት ጋ።

እና ዋናው ስህተት እዚህ ጋ ነው፣ አንቲቦዲን፣ ማለትም ሰውነት ጀርም ለመከላከል የሚያመርተውን ፕሮቲን፣ እንደ ባክቴሪያ መቁጠር። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም ወገን! ከ1896 ጀምሮ አሰራሩ ብዙም አልተለወጠም፣ የታካሚውን ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ከተገደለ ሳልሞኔላ፣ ከታይፎይድ ባክቴሪያ፣ ጋር ታገናኛለህ፣ አንቲቦዲ ካለ ስላይዱ ላይ ደቃቅ ጓል ጓል ይሰራል፣ በቃ። አንቲቦዲው የዛሬ ይሁን የካቻምና ጓሉ አይናገርም።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሳልሞኔላ ታይፊ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በቂ አንቲቦዲ ለማምረት ሳምንት አካባቢ ይፈጅባቸዋል፣ ለዛ ነው ትኩሳት በጀመረ በሁለተኛው ቀን ዊዳል ኔጋቲቭ ወጣ ብለህ «ታይፎይድ የለብህም» ማለት የማትችለው። ዊዳል ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ ያያል፣ የባክቴሪያውን ገላ የሚይዘው ኦ ቀድሞ መጥቶ በወራት ውስጥ ይወርዳል፣ ጭራውን የሚይዘው ኤች ደግሞ ዘግይቶ መጥቶ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ድኖም ባክቴሪያውን የሚያስታውሱት ሚሞሪ ሴሎቹ ይቀራሉ፣ መቅኔ ውስጥ የተቀመጡ ፕላዝማ ሴሎችም ማምረታቸውን ቶሎ አያቆሙም። ያው ባክቴሪያ ድጋሚ ሲመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ አንቲቦዲው ይጎርፋል፣ ለሰውየው ጥሩ ነው፣ ለዊዳል ግን መከራ፣ ምክንያቱም ወባም ይሁን ሌላ ትኩሳት ይሄን የድሮ አንቲቦዲ ቀስቅሶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

አንድ ጊዜ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሰርቶ የተመለሰ ልጅ መጣ፣ የውጤት ወረቀቶቹን በፌስታል ይዟል፣ ኤች 1:160 (ሴረሙ 160 እጥፍ ቀጥኖም ጓል ሰርቷል ማለት ነው)፣ ኤች 1:160፣ አሁንም ኤች 1:160፣ በእያንዳንዱ ወረቀት የተለያየ ክሊኒክ ሲፕሮ ወይ ሴፍትሪያክሶን ሰጥቶታል። ትኩሳቱ እየጠፋ እየተመለሰ። «ብለድ ፊልም ተሰርቶልህ ያውቃል?» አልኩት፣ «እሱ ምንድነው ጋሼ?» አለኝ። ደሙን በማይክሮስኮፕ አይተን ወባ የምንፈልግበት ነው፣ ሰራንለት፣ ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ እየተነሳ ያስቸገረው ወባ ነበር፣ ታይፎይዱ ሳይሆን።

በነጠላ ዊዳል ፈርዳችሁ ሰው አታክሙ። ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ናሙና ወስዳችሁ አራት እጥፍ መጨመሩን እዩ፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ ማየት) ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ደሙን አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ውሰዱት። ካልቸርም ቢሆን ሁሉንም አይዝም፣ ኔጋቲቭ ወጣ ተብሎ ነገሩ አይዘጋም።

ጀማሪ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደግሞ ስላይዱ ላይ ጠብታ አድርጋችሁ ስልክ ልታወሩ አትሂዱ፣ እባካችሁ። አንድ ደቂቃ አዙራችሁ ወዲያው ይነበባል፣ ከቆየ ጠርዙ ይደርቅና ጓል ያለ ይመስላል፣ እናንተም «ሪአክቲቭ»፣ ማለትም ፖዘቲቭ፣ ጽፋችሁ ትልካላችሁ። 80 ማይክሮሊትር ሴረም ያለበት ጠብታ ብቻ ጓል ስለሰራም ፖዘቲቭ አይባልም፣ እሱ 1:20 ነው፣ 1:20 እኮ ግማሹ አገር አለው።

ነጭ የደም ሴል አልጨመረም ተብሎ ታይፎይድ አይሰረዝም፣ እንደውም ታይፎይድ አንዳንዴ ነጭ ሴሉን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

የጨጓራ ባክቴሪያም (ኤች ፓይሎሪ) ያው ታሪክ ነው። መድኃኒቱን ጨርሶ «ጠፋልኝ ወይ?» ብሎ ለመጣ ሰው የደም አንቲቦዲ መስራት ገንዘቡን መብላት ነው፣ ኤች ፓይሎሪ ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆይ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት ያቁም፣ ከዛ የባክቴሪያውን የራሱን ቁራጭ የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይሰራ።

«አንዴ ይዞኛል፣ ድጋሚ አይዘኝም» የሚሉም አሉ። ቴታነስ ይዞት የዳነ ሰው እንኳን ክትባት ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም በሽታ ያመጣው መርዝ መጠኑ ከማነሱ የተነሳ ኢሚዩኒቲውን አይቀሰቅስም።

ተማሪዎች፣ ሚሞሪ የቢ እና የቲ ሴል ብቻ ነው ብላችሁ አታድርቁ። ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) የተከተበ ሰው ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቹ ራሳቸው ለሌላ ጀርም ጭምር ጠንከር ብለው ምላሽ እንደሚሰጡ ታይቷል፣ ትሬይንድ ኢሚዩኒቲ ይሉታል። ፈተና ላይ ካልመጣ ግን እኔን እንዳትወቅሱ።

አሁን የሚያናድደኝ ሌላኛው፣ የቶንሲል ጉዳይ። እናቶች «ልጄን ቶንሲል ስንቴ ያዘው፣ ለምዶታል» ይላሉ። አልለመደውም እማዬ። የቶንሲሉ ባክቴሪያ ስትሬፕ ላዩ ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን ከ200 በላይ ዓይነት አለው፣ ልጁ ለአንዱ አንቲቦዲ ቢሰራ ሌላው አዲስ ሆኖ ይመጣል። ሰው ሁሉ ላይ ባይሆንም አንዳንድ ልጅ ላይ ባክቴሪያውን ሊመታ የተሰራው አንቲቦዲ የልብ ቫልቩንም ይመታል፣ ቶንሲሉ በተደጋገመ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። እንዲህ ላለው ልጅ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን የሚባለው የፔኒሲሊን መርፌ ይሄን ድግግሞሽ ለማስቆም ነው፣ ለዓመታት ይቀጥላል፣ «አሁን ደህና ነው፣ ኳስ ይጫወታል» ተብሎ አይቋረጥም። መርፌው ያማል፣ አውቃለሁ፣ ልጁ ካለቀሰ ማደንዘዣው ሊዶኬይን ይቀላቀልልን ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ።