«አመመኝ»ን በእንግሊዝኛ፦ ለታዳጊ ልጆች ስለ ሕመምና ጤና እንዴት እናስተምር?

የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ አንድ ልጅ ሆዱን ይዞ ወደ መምህሩ ቢመጣ የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ሲያመን ሁላችንም እንደዚያው ነን። ግን ስለ ሕመም መናገር ለልጅ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ይህን ርዕስ ከቀለማትና ከእንስሳት ስም አስበልጬ እወደዋለሁ። አካሄዱ ሦስት ወይም አራት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

1. ስድስት ቃል ይበቃል

መጽሐፉ ሃያ የሕመም ስም ቢደረድርም እናንተ ስድስት ብቻ ምረጡ። ራስ ምታት «ሄዴክ»፣ የሆድ ሕመም «ስተመክኤክ»፣ የጥርስ ሕመም «ቱዝኤክ»፣ ትኩሳት «ፊቨር»፣ ሳል «ኮፍ»፣ ጉንፋን «ኮልድ»። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ልጆቹ በሚያውቁት የአካል ክፍል ስም ላይ «ኤክ» ተጨምሮባቸው የተሠሩ ናቸው። ይህን ከነገራችኋቸው የጆሮንና የጀርባን ሕመም ራሳቸው ይፈጥሩታል።

ቃላቱን ቶሎ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። «ኤክ» ሲጻፍ በሲ እና በኤች ነው፣ ድምፁ ግን «ክ» ነው። «ኮፍ» ደግሞ በጂ እና በኤች ያልቅና «ፍ» ተብሎ ይነበባል። ቀድመው ያዩት ልጆች እንደ ፊደሉ ያነቡታል፤ ያንን ማስለቀቅ ከባድ ነው። መጀመሪያ ይስሙ፣ ይናገሩ። ጽሑፉ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል።

2. ሰውነታቸው ይማር

እናንተ ቃሉን ስትጠሩ እነሱ ሕመሙን ያሳያሉ። ግንባር መያዝ፣ ጉንጭ መደገፍ፣ ክንድ ላይ ማሳል። በእንቅስቃሴ ማስተማርን የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ራሱን የቻለ ዘዴ አድርጎታል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ልጁ ለመናገር ሳይገደድ መረዳቱን ማሳየት መቻሉ ነው። ዓይን አፋሮቹ እዚህ ላይ ነው የሚፈቱት።

3. ዋናው ችግር ዓረፍተ ነገሩ ነው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። በአማርኛ «ራሴን አመመኝ»፣ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። ያዡ ሕመሙ ነው፣ ተያዡ እኛ ነን። እንግሊዝኛው ግን «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ይላል። ቃል በቃል ሲመለስ «ራስ ምታት አለኝ» ማለት ነው። ልጁ ቃሉን እያወቀ ዓረፍተ ነገሩ ላይ የሚሰናከለው ለዚህ ነው።

ሰዋስው ከማብራራት ይልቅ የሚያውቁትን ተጠቀሙ። ለአንዱ ልጅ መጽሐፍ ስጡትና «አይ ሃቭ ኤ ቡክ» ይበል። ለሌላዋ ኳስ፣ «አይ ሃቭ ኤ ቦል»። ቀጥሎ ፊቱ የቀላ፣ ላብ ያጠመቀው ልጅ የተሳለበት ካርድ ስጧቸው፤ «አይ ሃቭ ኤ ፊቨር»። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር። ሕመሙን እንደ ዕቃ በእጃቸው ሲይዙት «ሃቭ» የሚለው ቃል ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ያቺ ትንሿ «ኤ»ም አብራ ትገባለች።

አንድ ወጥመድ አለ። «አይ አም ኮልድ» ማለት በረደኝ ነው፣ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ማለት ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል። ለመጀመሪያው ትከሻችሁን አቅፋችሁ ተንቀጥቀጡ፣ ለሁለተኛው አፍንጫችሁን በሶፍት ጥረጉ። እያፈራረቃችሁ አሠሯቸው።

4. የሐኪም ጨዋታ

ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። ሐኪሙ «ዋትስ ዘ ማተር?» ይላል፣ ታማሚው ይመልሳል፣ ሐኪሙ ይመክራል። «ዩ ሹድ ሬስት»፣ «ዩ ሹድ ድሪንክ ዋተር»። መድኃኒት ማዘዝ ግን ከጨዋታው ይውጣ። በቦታው «ቴል ኤን አደልት»፣ ማለትም ለትልቅ ሰው ንገር፣ የሚለውን አስገቡ። ልጅ መድኃኒት የሚወስደው ከትልቅ ሰው እጅ ብቻ መሆኑን እግረ መንገዳችሁን አስረዱ።

5. የማይታየውን ማሳየት

ጀርም ለልጅ ወሬ ነው፣ አይታይም። ስለዚህ ባለቀለም ጠመኔ ፍቁና ዱቄቱን እጃችሁ ላይ አድርጉ። አንድ ልጅ ጨብጡ፣ እሱ ሌላውን ይጨብጥ። ትንሽ ቆይታችሁ «ዌር አር ዘ ጀርምስ?» በሉ። «ኦን ማይ ሃንድ!»፣ «ኦን ዘ ዶር!» የሚል ጩኸት ይመጣል፤ «ኦን»ን በደንብ የሚለማመዱበት አጋጣሚ ነው።

ቀጥሎ ዝርግ ሳህን ላይ ውኃ አድርጉና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። ደረቅ ጣት ሲገባ ብዙም ለውጥ የለም። ፈሳሽ ሳሙና የነካ ጣት ሲገባ ግን በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል። ሳሙና የውኃውን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ላይኛውን ገጽ እንደ ቀጭን ቆዳ ወጥሮ የያዘውን ኃይል፣ ስለሚያላላው ነው። እዚህ ላይ አትዋሿቸው። እጃችን ላይ ያለ ጀርም እንደ በርበሬው አይሮጥም። ሳሙናው ቅባቱንና ቆሻሻውን ከቆዳ ያላቅቃል፣ ውኃው ይዞት ይሄዳል። መፈተግ ያስፈለገው ለዚህ ነው፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ። እየፈተጉ ከ«ዋን» እስከ «ትዌንቲ» ቀስ ብለው ይቁጠሩ። እጅም ይጸዳል፣ ቁጥርም ይለመዳል።

6. አንድ ልማድ ለአንድ ሳምንት

እያንዳንዱ ልጅ አንድ ልማድ ይምረጥ። እጅ መታጠብ፣ ጥርስ በቀን ሁለቴ መቦረሽ፣ በጊዜ መተኛት (ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ይመከራል) ወይም በቀን 60 ደቂቃ ያህል መሮጥና መጫወት። ሥዕሉን ስሎ ከሥሩ «አይ ዋሽ ማይ ሃንድስ ኤቭሪ ዴይ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ልማዱን የፈጸመበትን ቀን ሳጥን ራሱ በደብተሩ ምልክት ያድርግበት፤ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። ቤቱ የጥርስ ብሩሽ የሌለው ልጅ ሊኖር ይችላል። ባዶ ሳጥኑን ጓደኞቹ ሊያዩት አይገባም። «ትናንት ምን በላችሁ?» የሚለውንም ጥያቄ በዚሁ ምክንያት እተወዋለሁ።

በዚያ ሳምንት የምር የታመመ ልጅ ካለ ምሳሌ አታድርጉት። አንዷ መጥታ «ቲቸር፣ ስተመክ ፔን ሚ» ብትላችሁም ዓረፍተ ነገሩን አታርሙባት። እጇን ይዛችሁ ወደሚረዳት ሰው ውሰዷት። «አይ ሃቭ ኤ ስተመክኤክ» የሚለውን ሲሻላት ታስተካክሉታላችሁ።